አስር ራስ ያለው የማሽላ ጠባቂ

ባለፈው ቅዳሜ ቆቦ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ጸጉር ቤት ወረፋዬን ይዤ ስጠብቅ፣ ሠራተኛዋ ልጅ አንዲት ሰማያዊ ጠርሙስ ከፈተችና መዳፏ ላይ ጥቂት ቅባት አንጠባጥባ የአንዲትን ሙሽራ ጸጉር ማሸት ጀመረች። የኮኮናት ቅባት ነው። ጣፈጥ፣ ሞቅ ያለ፣ ትንሽ ወተት ወተት የሚል ሽታ አለው፤ አሁን አሁን በየሱቁ ስላለ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እኔ ግን፣ ጡረታ ከወጣሁ ገና ዓመት ያልሞላኝ፣ የልጅ ልጆች ያየሁ ሴትዮ፣ ሽታው አፍንጫዬ እንደገባ ዘጠነኛ ክፍል መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ራሴን አገኘሁት። ወረፋዬ ሲደርስ ልጅቱ ሁለት ጊዜ ጠርታኝ አልሰማኋትም።

በደርግ ዘመን፣ እኔ ልጅ በነበርኩበት ጊዜ፣ ይህ ሽታ በመላው ቆቦ ከአንድ ሰው ራስ ላይ ብቻ ነበር የሚገኘው። የሂሳብ መምህራችን ሚስተር ኩሩፕ ከደቡብ ህንድ የመጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ጸጉራቸው በቅባት ተለጥፎ ወደ ቀኝ የተበጠረ ሰው ነበሩ፤ ቆላው ሲያቃጥል ሁላችንም የሸሚዛችንን ቁልፍ ስንፈታ እሳቸው ክራቫታቸውን አያላሉም። አማርኛ የለመዱት ከገበያ ስለሆነ ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ይሉ ነበር፤ የቆቦ ሰውም ደስ እያለው ይሰማል እንጂ አንድም ቀን ያረማቸው አልነበረም። ሂሳቡን እንደ ውኃ ያጠጡናል። እኛ ግን የምንወዳቸው ለሂሳቡ አልነበረም፤ ትምህርቱ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ጠመኔውን አስቀምጠው፣ በሩን ገፋ አድርገው፣ ከአገራቸው ጭራቆች አንዱን ስለሚያመጡልን ነበር።

ራሁ የሚባለውን ያመጡልን ቀን አይረሳኝም። የማይሞቱበትን መጠጥ ከአማልክት ሰርቆ ሲጎነጭ ፀሐይና ጨረቃ አዩትና ተናገሩበት፤ መጠጡ ጉሮሮውን ሳያልፍ አንገቱ ተቆረጠ፤ ራሱ ግን መጠጡን ቀምሷልና ሳይሞት ሰማይ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቂሙን ይዞ ፀሐይን እያሳደደ ይውጣታል፣ ሆድ ስለሌለው ግን በተቆረጠው አንገቱ በኩል ተመልሳ ትወጣለች። ፀሐይ ስትጋረድ ይህ ነው አሉን፤ ወዲያውም ጠመኔውን አንስተው የጨረቃን ጥላ በክብና በመስመር አስረዱንና የቱ እንደሚበልጥብን እንድንመርጥ ተዉን። ስድስት ወር ተኝቶ አንድ ቀን ብቻ ስለሚነቃው ኩምባካርና የነገሩን ዕለት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አዲስ ስም አገኘ፣ እስከ ጡረታውም በዚያው ተጠራ። ጋሩዳ የሚባለው፣ ክንፉ ሰማይ የሚሸፍን፣ እባብ የሚበላ አሞራ ደግሞ ለወራት ከዞብል ተራራ ላይ ይነሳ ይሆናል እያልን አንጋጠን እንድንሄድ አደረገን።

ከሁሉም በላይ የነገሠው ግን ራቫና ነበር፦ አስር ራስ፣ ሀያ እጅ። የእኛ አገር ጭራቅ ሰው በልቶ ይተኛል፤ ሞኝ ስለሆነም አንዲት ቀበሮ ትበቃዋለች። ይሄኛው ግን የተማረ ነው፤ መሰንቆ የመሰለ ነገር ይመታል፣ የከዋክብቱን መንገድ ያውቃል፣ ይጾማል፣ ይጸልያል። ለአምላኩ ስለት አንድ ራሱን ቆርጦ ይሰጣል፤ የተቆረጠውም መልሶ ይበቅላል። የወደቀው የሰው ሚስት ሰርቆ ነው። ሚስተር ኩሩፕ ስለ እሱ ሲነግሩን ድምፃቸው ዝቅ ይላል፣ ስለ አንድ ጎበዝ፣ ግን ስለተበላሸ ዘመዳቸው የሚያወሩ ነው የሚመስለው። ለጭራቅ እንዲህ ማዘን እንደሚቻል እኔ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር፤ ዛሬም ድረስ ሰው ሲበድለኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የራቫና ትምህርት ነው፣ እንዴት ያለ አዋቂ እንዴት ባለ ነገር ወደቀ እላለሁ።

ያን ዓመት አባቴ ሚሊሻ ተመልምሎ ዘመተ። ማሽላችን ከቆቦ ወጣ ብሎ ሆርማት ወንዝ አጠገብ ነው፤ ጎርፉ በጊዜው ወርዶ አጠጥቶት ስለነበር ሰው የሚሰውር ሆኖ አደገ። መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲጠባ እሸት መያዝ ጀመረ። የቆላ ሰው ይህን ጊዜ ያውቀዋል፤ ፍሬው ወተት ሲይዝ ግሪሳ ይመጣል። ትንሽ ወፍ ናት፣ አንዷን ብትይዛት መዳፍ አትሞላም፤ ስትመጣ ግን እንደ ደመና ነው፣ ጎህ ሲቀድ መጥታ ካልተከለከለች እስከ ረፋድ የዓመቱን ቀለብ ባዶ አገዳ አድርጋ ትሄዳለች። ስለዚህ ከማሳው መሃል ማማ ይሠራል፣ በማማው ላይ ወንጭፍና ጅራፍ የያዘ ሰው ይወጣል፣ ከንጋት እስከ ምሽት ሲጮህ ይውላል። በሌላው ዓመት ይህ የአባቴ ሥራ ነበር። እማ የሁለት ወር ሕፃን በጀርባዋ አላት። የቀረሁት እኔ ነኝ።

እማ አልጮኸችብኝም፣ አላለቀሰችም። አንድ ማታ እራት ላይ «ዘይነባ፣ ወላሂ ወድጄ አይደለም» ብቻ አለችኝ። በማግስቱ ደብተሬን ሳጥን ውስጥ አስገብቼ ማማ ላይ ወጣሁ። ሁለት ሳምንት በተከታታይ የቀረ ተማሪ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ የወፍ ጥበቃው ደግሞ ቢያንስ ወር ከምናምን ይፈጃል። አንዴ ከተሰረዙ በኋላ የሚመለሱ ሴት ልጆች በዚያ ዘመን አልነበሩም፤ የሚቀጥለው ሽማግሌ ልኮ የሚጠይቅ ሰው ነው፣ ለእኔም የሚልክ እንደማይጠፋ አውቅ ነበር። ወንጭፌን እያዞርኩ የሂሳብ ቀመሮቼን በቃሌ እደግማለሁ፣ ሲጠፋኝ በወፎቹ ላይ እጮሃለሁ።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከመንገዱ በኩል ሰልፍ ሲመጣ አየሁ። ከፊት ሚስተር ኩሩፕ፣ ክራቫታቸውን እንዳሰሩ፣ ጫማቸው በአቧራ ቀይ ሆኖ፤ ከኋላቸው ዘጠኝ የክፍሌ ልጆች፣ ዱላ፣ ገመድ፣ ባዶ የዘይት ቆርቆሮና ደረቅ ቅል ተሸክመው። ለምን እንደቀረሁ ሀሰን ነግሯቸው ነው። ሀሰን ጎረቤታችን ነበር፣ ወንጭፍ ሲወረውር የማይስት፣ ሂሳብ ሲሠራ ግን የሚስት ልጅ። ሚስተር እማን በሁለት እጃቸው ሰላም ብለው በዚያ አማርኛቸው አስረዷት፦ ወፍ የምትፈራው ሰው ነው፤ ሰው አንድ ራስ አለው፤ አስር ራስ ያለው ነገር ብናቆም ወፍ አስር እጥፍ ትፈራለች። የሂሳብ ሰው አይደሉ!

እማ ጠይቃ እንጂ ዝም ብላ ነገር አትቀበልም። ይህ የምታቆሙት ነገር የሚሰገድለት ነው ወይ ብላ በእኔ በኩል አስጠየቀቻቸው። ሚስተር ደንግጠው እጃቸውን አወናጨፉ፤ በአገራቸው በየዓመቱ ሠርተው አደባባይ አቁመው በእሳት ያቃጥሉታል እንጂ ማንም አይሰግድለትም አሉ። «ካቃጠላችሁትስ ይቁም» አለችና ወደ ጎጆዋ ገባች።

እንዴት ያለ ከሰዓት ነበር! አካሉን ከደረቅ አገዳ አስረን የሚስተርን አሮጌ ሸሚዝ አለበስነው። እጆቹ ሀያ መሆን ሲገባቸው ዱላ አልቆብን አስራ ሰባት ላይ ቆሙ፤ በየእጁ ቆርቆሮ አንጠለጠልን። ራሶቹን እያንዳንዳችን አንድ አንድ ቅል ይዘን በከሰልና በኖራ ሳልናቸው፤ ሚስተር «የራሳችሁን ፊት ሳሉ፣ ግን ስታድጉ የሚኖራችሁን» ብለውን ነበርና እኔ መነጽር አደረግሁ፣ አንዷ የወርቅ ጥርስ ሳለች፣ ሀሰን ደግሞ እስከ ቅሉ አንገት የሚወርድ ጺም አወጣ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ራቫና ከማሽላው በላይ ብቅ ብሎ ቆመ፤ ነፋስ ሲመጣ ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ በቅሎቹ ውስጥ የደረቀው ፍሬ ይንሿሿል። በመንገድ የሚያልፍ የገበያተኛ አህያ አይቶት ጭነቱን ጥሎ ወደ ሮቢት ሸመጠጠ። ሚስተር በደስታ ክራቫታቸውን ላላ አደረጉት፣ እኔ ሲያላሉት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሦስት ቀን ግሪሳ አልቀረበችም። እኔም ሦስት ቀን ትምህርት ቤት ሄድኩ፣ ስሜ ሲጠራ «አለሁ» የምለውን እንደ መዝሙር እወደው ጀመር። በአራተኛው ቀን ከክፍል ስመለስ እማ ከማሳው ጫፍ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትንፈራፈራለች፤ ደንግጬ ስጠጋ ሳቅ ነው። አስሩም ራስ ላይ ወፍ ሰፍሯል። ጆሮ እንኳ በሌለው ራስ ላይ ተደርድረው፣ ወተት የጠገበ ምንቃራቸውን በሸሚዙ ትከሻ ላይ እየጠረጉ። ሳቋ ሲያልቅ ግን ወደ ማሽላው ዞር ብላ ጥግ ላይ ያለውን ያለቀ እሸት አየች፣ ፊቷም ተለወጠ።

ሚስተር ኩሩፕ ወሬውን ሰምተው መጡና ራቫናቸውን አይተው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። እንደዚያ የተሰበረ ሰው አላየሁም፤ እኔም የሚሰረዘው ስሜ መሆኑን ረስቼ ለእሳቸው አዘንኩ። እማ የተጠበሰ እሸት በሰፌድ አቀረበችላቸው፣ ጥንቅሽም ልጣ ሰጠቻቸው። «አብሽሩ ሚስተር» አለች፣ «ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል ይባላል፤ ይሄ ደግሞ አገሩ አይደለም።» ተርጉሜ ስነግራቸው ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ከዚያ እማ ወደ ጭራቁ እያየች አንድ ነገር ጠየቀች፦ ይህ ሰው በአገሩ ሲዋጋ አስሩም ራሱ አንድ ላይ ነው የሚነቃው? ሚስተር አዎ አሉ። አስሩም አንድ ላይ ነው የሚተኛው? አዎ፣ ይመስለኛል አሉ።

«ታዲያ መሸነፉ ይፈረድበታል?» አለች እማ። «አስር ራስ ሰጥቶት፣ አንዱ አንድ ቀን ቢጠብቅ ዘጠኙ ያርፍ አልነበር?»

ተረጎምኩላቸው። ሚስተር ኩሩፕ ጥንቅሹን ከአፋቸው አወጡ። እማን አዩ፣ ቅሎቹን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ከዚያ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። በአገራችን ወንፈል የሚባል ነገር አለ፤ ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ ተባብሎ በተራ መሥራት። እማ ለቆላ ሰው ሁሉ ግልጽ የሆነውን ነው የተናገረችው፤ ያልታሰባት ነገር ቢኖር የተማሪ ልጅ ወንፈል ሊገባ መቻሉ ነበር። በማግስቱ ሚስተር የክፍል ኃላፊያችን ስለነበሩ አስራችንን አቁመው፣ በቅላችን ቅደም ተከተል፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ተራ አወጡልን። ለእያንዳንዱ ራስ በአስር ቀን አንድ ቀን። በአስር ቀን አንድ የቀረ ተማሪ አይሰረዝም፤ የጠባቂውን ቀን ትምህርት ደግሞ እሳቸው ማታ ማታ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ይደግሙለታል። የሀሰን ተራ የደረሰ ቀን ግሪሳ የሆርማትን ወንዝ እንኳ አትሻገርም፤ እኔ ዛሬም ወፎቹ ፊቱን ያውቁት ነበር ባይ ነኝ።

በዚህ መሃል የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መጣ። ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን የተሳሉ ሦስት ጺማም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ሊቀመንበሩም የተደረደረ ራስ ከማሽላ በላይ ሲያይ፣ ያውም ከመሃሉ ጺማም አግኝቶ፣ ነገሩ ፌዝ መሰለው። ማን ሠራው፣ ህንዱ ምን ብሎ አስተማራችሁ እያለ ያፋጥጠን ጀመር። ሚስተር በኮንትራት ያሉ የሰው አገር ሰው ናቸው፤ አንድ ደብዳቤ ቢጻፍባቸው በሳምንቱ አውቶቡስ ላይ ናቸው። እማ ሕፃኑን አዝላ ደረሰችና፣ በልጅነቱ አብራው እንደተጫወተች እኅት፣ ረጋ ብላ ተናገረችው።

«ጓድ፣ እነዚህ የዘማች ማሳ ጠባቂዎች ናቸው። ይውረዱ ካልክ ይወርዳሉ፤ ማማው ላይ ግን አንተ ትወጣልኛለህ።»

ሊቀመንበሩ ማማውን ቀና ብሎ አየው። ከፍ ያለ ነው፣ ፀሐዩም ይፋጃል። በሳምንቱ ስብሰባ ላይ የዘማች ቤተሰብን እርሻ በተማሪ ተራ ማስጠበቅ የእሱ ሐሳብ እንደሆነ ተናግሮ አስጨበጨበ፤ እኛም አጨበጨብን። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ጺሙ ይውረድ። ሀሰን እያጉረመረመ ወጥቶ የከሰሉን ጺም በድንጋይ ፈገፈገው፣ ጠባሳው ግን ቅሉ ላይ ቀረ። ሳድግ መልሼ አወጣዋለሁ አለ።

ማሽላው ተሰበሰበ። አውድማው በሞላ ማግስት፣ እንደ አገሩ ሥርዓት፣ ራቫናን ልናቃጥል ተሰበሰብን። እማ ግን ቅል ይቃጠላል እንዴ ብላ ራሶቹን አንድ በአንድ አወረደችና ለየባለቤቱ ሰጠች፤ የተቃጠለው አገዳውና የሚስተር ሸሚዝ ነው። ሚስተር እሳቱን እያዩ በራሳቸው ቋንቋ የሆነ ነገር አጉተመተሙ፤ ምን እንዳሉ አልጠየቅንም። እኔ አልተሰረዝኩም። አባቴም በሁለተኛው ዓመት እያነከሰ ተመለሰ፤ ግድግዳችን ላይ ባለ መነጽር ቅል ተሰቅሎ ሲያይ ይህ ማነው ብሎ ጠየቀ፤ እማም «ልጅህ ናት፣ መምህርት» አለችው፤ ገና ሳልሆን።

ሚስተር ኩሩፕ ኮንትራታቸው ሲያልቅ ሄዱ። ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ሲነሳ እማ አገልግል ይዛ ደረሰች፤ እጇን ይዘው «አንተ ጎበዝ ሴት ነህ» አሏት፣ እሷም እየሳቀች አለቀሰች። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያ ድርቅ አልፎ ጦርነቱ ሳያልፍ፣ አንድ ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ በኩል ደረሰኝ። አጭር ነው። ጤንነታቸውን፣ ጸጉራቸው መሳሳቱን ነግረውኝ መጨረሻ ላይ አስሩ ራሶች እንዴት ናቸው ብለው ጠይቀዋል። መልስ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ሮቢት አስተማሪ መሆኔን ጻፍኩ። ባለ ወርቅ ጥርሷ ልጅ በድርቁ ዘመን ከልጇ ጋር ከቤቷ እንደወጣች ማለፏን እንዴት እንደምጽፍ ሳስብ ዋልኩ። ሁለቱ ወደ አሰብ ወርደው ድምፃቸው ጠፋ። ሀሰን በብሔራዊ ውትድርና ሄደ፣ አገጩ ላይ ጥቂት ጸጉር ብቅ ባለበት ዓመት፤ የመጣው የሞቱ ወረቀት ብቻ ነው። እዚያ ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩ፣ ደብዳቤውም እስካሁን መልስ አላገኘም። ዛሬ ከአስሩ ቆቦ ውስጥ ያለነው ሁለት ነን፤ ሌላው ጓደኛዬ ዓይኑ ስለደከመ መንገድ ላይ ስንገናኝ በድምፄ ነው የሚለየኝ።

እማ የእኔን ቅል ኋላ ሰንጥቃ ፍሬውን አጥር ሥር ተክላው ነበር። እሷ ካለፈች ቆየች፣ ሐረጉ ግን ዘንድሮም አጥሬን ይዞታል። ከጸጉር ቤቱ ስመለስ ሽታው ጸጉሬ ላይ ነበር፤ ቅሎቹ ከሐረጉ ላይ ተንጠልጥለው አየኋቸውና ቆምኩ። የተቆረጠ ራስ መልሶ ይበቅላል ብለውን ነበር ሚስተር፣ አልዋሹም፣ ይኸው በየዓመቱ ይበቅላል። ከምድጃው አንድ ከሰል አመጣሁና ከትልቁ ቅል ፊት ተቀምጬ ሀሰንን ልስለው ሞከርኩ። ጺሙን እንደዚያ ቀን አድርጌ፣ እስከ ቅሉ አንገት አወረድኩት። ከጺሙ በላይ ያለውን ፊት ግን ላስታውሰው አልቻልኩም።